ጾመ ነቢያት፦ ትንቢትና ንጽሕና ከልደት በፊት

ጾመ ነቢያት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በልደት በዓል ይፈታል። ሕዝቡ የገና ጾም ይለዋል፤ ጾመ አዳም፣ ጾመ ስብከትና ጾመ ፊልጶስ የሚሉ ስሞችም አሉት። ልደት ታኅሣሥ 29 ሲውል ጾሙ 44 ቀን ይሆናል፦ 40ው የነቢያት፣ 3ቱ በግብፁ ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን ተራራ ለፈለሰበት ተአምር መታሰቢያ፣ 1ዱ የበዓሉ ዋዜማ ጾም የሆነው ገሃድ ነው። በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት አድቬንት የሚባለው የአራት እሑዶች ወቅትም የጾም ሥር አለው፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቱር ጳጳስ ጰርፔቱስ ከቅዱስ ማርቲን በዓል እስከ ልደት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም ደንግጎ ነበር።

ትንቢትና ጾም በዚህ ወቅት መቆራኘታቸው ከራሳቸው ከነቢያቱ መጻሕፍት የመነጨ ነው። ግልጹ ማስረጃ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ነው። ዳንኤል የኢየሩሳሌም መፍረስ 70 ዓመት እንደሚቆይ በኤርምያስ መጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ ቀን እየቆጠረ አልተቀመጠም፤ ማቅ ለብሶ፣ ዐመድ ነስንሶ፣ በጾም የራሱንና የሕዝቡን ኃጢአት ተናዘዘ። ተስፋው የታመነ ቢሆንም ተቀባዩ መዘጋጀት ነበረበት። ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ይህንኑ በአንጥረኛ ሥራ ያሳያል። ብር አንጣሪ ከእሳቱ ፊት ተቀምጦ ዝቃጩ እስኪለይ ይጠብቃል፤ ቸኩሎ ካወጣው ብሩ ከነጉድፉ ይቀራል። የሚመጣው ጌታ የሚያነጻቸውም የሌዊን ልጆች ነው፤ መሥዋዕት አቅራቢዎቹ ራሳቸው ወደ እሳቱ ይገባሉ። በሉቃስ ምዕራፍ 3 ደግሞ የኢሳይያስ ትንቢት የተነገረለት መንገድ ጠራጊ ዮሐንስ መጥምቅ፣ ምን እናድርግ ላሉት ሰዎች የሰጠው መልስ የዕለት ኑሮን የሚነካ ነው፦ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ቀራጭ ከታዘዘለት አያትርፍ፣ ወታደር ግፍ አይሥራ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓትም ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ነው። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ የሚውሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው የነቢያት ስብከት፣ በሁለተኛው ጨለማን የሚያርቀው ብርሃን፣ በሦስተኛው የተበተኑትን የሚሰበስበው እረኛ ይታሰባል። ምእመናን በጾሙ ቀናት ሁሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምሱም። የነቢያት ቃል በሌላም ጊዜ ይነበባል፤ በዚህ ወቅት ግን የሚሰማው ሰው በአካሉም እየጠበቀ ነው።

ትንቢትንና ጾምን እንዲህ በማያያዝ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ክርስቶስ ከተወለደ ስለ መምጣቱ መጾም ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ሚልክያስ ግን በመምጣቱ ቀን ማን ሊቆም እንደሚችል ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ለዳግም ምጽአትም ይሠራል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም አድቬንትን የምትከፍተው ስለ ዳግም ምጽአት በሚናገር ወንጌል ነው። ሁለተኛው የታሪክ አጥኚዎች ነው፤ በኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ያለው የአማኑኤል ምልክት በቅድሚያ የተሰጠው ሶርያና እስራኤል ሲዘምቱበት ለተሸበረው ለንጉሥ አካዝ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን አካዝ በዚያው ምዕራፍ የተጠየቀው በእምነት እንዲጸና ነበር። ማቴዎስ የምልክቱን ፍጻሜ በልደት ሲያይ ያ ጥያቄ አይሻርም፤ ለአንባቢው ይተርፋል እንጂ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ምግብ መለወጥ ልብን አያነጻም። ይህን ከማንም ቀድመው ያሉት ነቢያቱ ናቸው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ይወቅሳል፤ እውነተኛው ጾም የተጨቆነውን ነጻ ማውጣትና ለተራበው እንጀራ መቁረስ እንደሆነም ያስረዳል። ነቢዩ በዚህ ጾምን አልሻረም፤ መለኪያ አበጀለት። በነቢያት ስም የተጠራ ጾም በነቢያት መለኪያ መመዘኑ አይቀርም፤ ከማዕድ የቀረው ለድኻ ካልደረሰ፣ ቂም ካልተፈታና የሠራተኛ ደመወዝ ከተያዘ፣ ጾሙ ቀኑን ቢሞላም ሥራውን አልሠራም።