የጄምስታውን ምድጃና የጎጃም ብርሌ

ብርሌ በጎጃም የተከበረ ዕቃ ነው። ከሉማሜ እስከ ቢቸናና ሞጣ ጠጅ ሲቀዳ አንገቱን ይዘው ያነሡታል፤ ድግስም ያለ እርሱ ድግስ አይመስልም። ብርጭቆ ግን ወደ አገራችን የገባው በአብዛኛው ተሠርቶ ያለቀ ሸቀጥ ሆኖ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የአዱሊስን ንግድ የመዘገበው የግሪክ መጽሐፍ ከባሕር ማዶ ከሚመጡት ዕቃዎች መካከል ብርጭቆን ይጠቅሳል።

አሠራሩን ማየት ለሚፈልግ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ጄምስታውን አለች። እንግሊዞች በ1607 እ.ኤ.አ. የሰፈሩባት ምድር የፖውሃታን ሕዝብ ነበረች፤ ያነደዱት እንጨትም ከእርሱ ደን የተቆረጠ ነበር። በዓመቱ ጀርመናውያንና ፖላንዳውያን ባለሙያዎች በመርከብ መጥተው ከሰፋሪዎቹ ምሽግ ራቅ ብለው የብርጭቆ ምድጃ ሠሩ። በእንግሊዝ እንጨት እየተመናመነ ስለነበር ንጉሡ በ1615 ብርጭቆ ሠሪዎች እንጨት እንዳያነዱ እስከ መከልከል ደርሷል። በቨርጂኒያ ግን አሸዋውም፣ አመድ የሚሆነው እንጨትም ሞልቷል።

ሥራው አልሰመረም። የ1609 ክረምት ረኀብ ሰፋሪዎቹን ፈጀ፤ ምድጃውም ቀዘቀዘ። በ1621 ጣሊያናውያን መጥተው እንደገና ሞከሩ። በዓመቱ ፖውሃታኖች ተነሡባቸው፤ በሽታውና የምግብ እጥረቱም ተጨመረ። ከሠራተኞቹ አንዱ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲል ምድጃውን በብረት ሰነጠቀ የሚል ክስ ተጽፎበታል። በ1624 ሁሉም አበቃ።

ፍርስራሹ በ1948 ተቆፍሮ ሲጠና ከምድጃዎቹ መሠረት ጋር የተገኘው ስብርባሪና የብርጭቆ ጠብታ ነው፤ አንድም ሙሉ ዕቃ አልወጣም። ዛሬ አጠገቡ በተሠራው ዳስ ውስጥ ሠራተኛው የብረት ቱቦውን ከቀለጠው ብርጭቆ ውስጥ ይነክራል፤ እያሽከረከረ ይነፋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጓል እንደ ሊጥ ይታዘዝለታል። በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴ ቀለም ይሰጠዋል። ተሠርቶ ሲያልቅም ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። እኛ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንላለን፤ ምድጃ ባለበት ግን ስባሪው ተመልሶ ይቀልጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ የ1619 ነገር ነው። ፖላንዳውያኑ የመምረጥ መብት ተነፍገው ተቃወሙ፤ ሰፈራውን የሚያስተዳድረው ኩባንያም መብታቸውን አከበረ። በዚያው ውሳኔ ወጣቶች ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው ሙያቸውን እንዲማሩ አዘዘ። ባለሙያው ክብር እንዲያገኝ፣ እውቀቱም ከእርሱ ጋር እንዳይጠፋ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ ጋንና ማረሻ ሠርተው አበሉን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ በኋላም ስድቡ ቶሎ አልቆመም። ይህ በደል ብዙ ሙያ ቀብሮብናል ብዬ አምናለሁ።

የባለሙያ ምድጃ በእኛም አገር ነዶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንን የመድፍ ሠሪ አደረጓቸው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በዚያ ቀልጦ ተሠራ፤ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ከአውሮፓውያኑ ጋር ደክመውበታል። በ1868 እ.ኤ.አ. ንጉሡ መቅደላ ላይ አለፉ፤ የጋፋት ሥራም አልቀጠለም። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አለ። ከሉማሜ የሚነሣ ተማሪ በሞጣ፣ በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ጋፋት ሲደርስ ስለ መድፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ቀጥቃጮቹም ቢነገረው፣ ማቅለጫው እየነደደ፣ ነሐሱ በፊቱ ሲፈስ ቢያይ እመኛለሁ። ጄምስታውን የከሸፈ ሥራዋን እንኳ እንዲህ አድርጋ ለልጆቿ ታሳያለች።