«ደህና ነኝ» እንደ ማስረጃ፦ የስኳር ሕሙማን የራስ ግምት በአርሲ ደጋ

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ሰው ስለ ገዛ ጤናው የሚሰጠው ቃል ሊያሳስት እንደሚችል ተከራክሯል። ማስረጃው ከህንድ ነው፤ ዕድሜ በሚረዝምባት ኬረላ «ታምሜአለሁ» ባዩ ሲበዛ፣ ዕድሜ በሚያጥርባት ቢሃር ያንሳል። ሕዝብን ከሕዝብ ለማነጻጸር ሙግቱ ይሠራል። ጠቤ ሙግቱ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሲጫን ነው። በአርሲ የአሰላ አካባቢ ገበሬ «ስኳሬ ደህና ነው» ብሎ መለኪያው ሌላ ሲያሳይ፣ ልዩነቱን «ግንዛቤ ማነስ» ብሎ መዝጋት ስሕተት ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። በአሰላ «ጤናህ እንዴት ነው?» ወይም በኦሮምኛ «ፈያ?» ማለት ሰላምታ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስም ምስጋና ነው። ይህን በአምስት እርከን ሚዛን «ጥሩ» ብሎ የሚመዘግብ መጠይቅ የለካው ጨዋነትን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰውነት ነው። ለብዙ አዋቂ ሕሙማን የሚመከረው የጾም ስኳር ከ80 እስከ 130 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ስኳር በሽንት መውጣት የሚጀምረው፣ ጥሙና የሌሊት ሽንቱም የሚበረታው ግን 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። «አልጠማኝም፣ ሌሊትም አልተነሣሁ» የሚል ሰው እውነቱን ተናግሯል፤ በመካከል ያለውን ሰውነቱ አልነገረውም።

ዋናው ነገር ግን የስኳር መውረድ ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ፣ ጥቂት በሶ ቀምሶ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ሲያርስ የሚያረፍድ ገበሬ እናስብ። ጡንቻው ስኳሩን ይጨርሰዋል። ከ70 በታች ሲወርድ እርፍ የያዘ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በደጋው ብርድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ በጋቢው ጫፍ ስኳር ቋጥሮ ይወጣል፤ በእርሻ ሰሞንም መድኃኒቱን ይቀንሳል። ሐኪም ቤት ሲደርስ «ትእዛዝ የማያከብር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው፣ 1,441 የዓይነት አንድ ሕሙማንን የተከታተለው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ግን ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን ሲቀንስ ከባድ የስኳር መውረድን ሦስት እጥፍ ገደማ እንዳሳደገ አሳይቷል። ገበሬው በእርፉ ላይ ያወቀው ይህንኑ ነው። ለእሱ ስኳርን መቆጣጠር ማለት ማሳ ላይ አለመውደቅ ነው።

«ከፍ ያለ ስኳር ድምፁን አጥፍቶ ዓይንና ኩላሊት ይጎዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ከዚህ የሚከተለው ግን ልኬት ይጨመር እንጂ ቃሉ ይጣል አይደለም። ልኬቱም ቢሆን ጎደሎ ነው። የቀጠሮ ቀን የጾም ስኳር የዚያችን ጠዋት ብቻ ይናገራል፤ የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚለካው የደም ምርመራ አማካዩን እንጂ መውረዱን አያሳይም። በአንጻሩ ተመራማሪዎቹ አይድለርና ቤንያሚኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ሃያ ሰባት ጥናቶችን መርምረው፣ ሰው ለጤናው የሚሰጠው ግምት ሌሎች የጤና መለኪያዎች ከግምት ከገቡም በኋላ በአብዛኞቹ ሞትን እንደሚተነብይ አሳይተዋል። ጥናቶቹ በብዛት ከበለጸጉ አገሮች ስለሆኑ ድምዳሜው በአርሲ መፈተን አለበት።

እስከዚያው ድረስ የምርመራ ክፍሉ ጥያቄውን ይለውጥ፦ «ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስኳርዎ ስንት ጊዜ ወረደብዎ? ሌሊት ስንቴ ለሽንት ተነሡ? መድኃኒቱን የቀነሱበት ቀን አለ? ለምን?» እነዚህ ጥያቄዎች ላቦራቶሪ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሕመምተኛውን ቃል ካርዱ ላይ የሚጽፍ ሐኪም ነው።