ሴሮቶኒን፤ ስሙ ከደም፥ ምንጩ ከአንጀት

ሴሮቶኒን የሚለውን ስም ከሐኪም አፍ ሳትሰሙት አትቀሩም። ብዙ ሰው የአንጎል ንጥረ ነገር ብቻ አድርጎ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚጀምረው ከረጋ ደም ነው።

ደም ከአካል ወጥቶ ሲረጋ፥ ከላዩ የሚያቅረው ጠራ ያለ ፈሳሽ ሴረም ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በጀርመን አገር ካርል ሉድቪግና አሌክሳንደር ሽሚት ይህ ፈሳሽ የደም ሥሮችን እንደሚያጠብ አስተዋሉ። አጥባቂው ነገር ተለይቶ እስኪወጣ ግን 80 ዓመት አለፈ።

በአሜሪካ፥ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፥ ዶክተር ኢርቪን ፔጅ የደም ግፊትን መነሻ ሲመረምሩ፥ ይኸው የሴረም ጠባይ ሙከራቸውን እያበላሸ አስቸገራቸው። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው ከሞሪስ ራፖርትና ከዶክተር አርዳ ግሪን ጋር ሆነው፥ ከቄራ የመጣውን የበሬ ደም እያጣሩ በ1948 ንጥረ ነገሩን ለብቻው አወጡት። ስሙንም ከሴረምና ውጥረት ከሚል ቃል አጣምረው ሴሮቶኒን አሉት። እንግዲህ አስተውሉ፤ እንደ እድፍ ተቈጥሮ ሊወገድ የተፈለገው ነገር ነው ዛሬ ስሙ የገነነው!

በኢጣልያ ደግሞ ቪቶሪዮ ኤርስፓመር ከአንጀት ሕዋሳት ያገኘውን ንጥረ ነገር ኢንተራሚን ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በ1952 ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ቤቲ ትዋሮግና ፔጅ በእንስሳት አንጎል ውስጥ መኖሩን አስታወቁ።

ታዲያ በደም ውስጥ ማን ሠራው? ደምን የሚያረጉት ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት፥ አንጀት ያመረተውን ሴሮቶኒን ከደም ውሃ እየለቀሙ ያከማቻሉ እንጂ ራሳቸው አይሠሩትም። ቍስል ሲደርስ፥ ወይም ደሙ በብልቃጥ ሲረጋ፥ ያከማቹትን ይለቁታል። ሉድቪግና ሽሚት ያዩትም ይህንኑ ነበር። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ በአንጀት ይገኛል፤ በደም ያለውም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ በደም የተለካ የሴሮቶኒን ቍጥር የአእምሮን ደስታና ሐዘን ይናገራል የሚላችሁ ቢኖር፥ አትመኑት።

ከሴሮቶኒን የሚሠራው ሜላቶኒን በ1958 ተገኘ። በዬል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም የነበሩት አሮን ለርነር፥ ለለምጽ መላ ሲፈልጉ፥ በአንጎል መካከል ካለው ፒኒያል ከተባለ የከብት ዕጢ አወጡት። ለለምጹ ባይሆንም፥ ሌሊቱን ለሰውነት የሚያበሥር ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን ደም ከሌላ የተቀበለውን ብቻ ይሸከማል ማለትም አይቻልም። በ2004 በስፔን አገር በሴቪል ያሉ ተመራማሪዎች፥ ሊምፎሳይት የተባሉት የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት ሜላቶኒንን ራሳቸው እንደሚሠሩ አሳዩ። ሌሊት በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን አብዛኛውን የሚያመነጨው ፒኒያል ነው፤ ሊምፎሳይቶቹ የሚሠሩት ግን በሽታን ለመከላከል ለራሳቸው ሥራ እዚያው የሚያገለግላቸው ነው።