የዩኒክስ የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች

ስለ ዩኒክስ አመጣጥ ሲነገር ዘወትር የሚነሡት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ከሠሪዎቹ እጅ ወጥቶ በመጀመሪያ ለማን የዕለት ሥራ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ባልደረባ ጥቂት ነው። የዋለው ለሦስት ታይፒስቶች ነበር። ሪቺ ራሱ ኋላ በጻፈው ታሪክ ቁጥራቸውን እንጂ ስማቸውን አላነሣም።

በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል፣ በቤል ላቦራቶሪዎች የነበሩት እነቶምሰን ፒ.ዲ.ፒ.-11 የተባለው ኮምፒዩተር የተገዛላቸው ለጽሑፍ ዝግጅት የሚያገለግል ሥርዓት እናበጃለን ብለው ነው። ኮምፒዩተሩ በ1970 እ.ኤ.አ. ደረሰ። የድርጅቱ የፓተንት ክፍልም በዚያ ወራት ለማመልከቻዎቹ ማዘጋጃ የሚሆን መሣሪያ ይፈልግ ስለ ነበር፣ በ1971 ሁለተኛ እኩሌታ ሦስቱ ታይፒስቶች ከሠሪዎቹ ጋር በአንድ ኮምፒዩተር ይሠሩ ጀመር።

የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ 24 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ 16ቱን ሥርዓቱ ራሱ ይይዘው ነበር። ዲስኩ ግማሽ ሚሊዮን ባይት ያህል ነው፤ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይገባበትም። ስለዚህ ታይፒስቶቹ ጥቂት ሰዓት በጻፉ ቁጥር ሥራቸው ወደ ቴፕ እየተገለበጠ ቦታ ይለቀቅ ነበር። ከዚህም የከፋው፣ የአንዱን ፕሮግራም ስሕተት ከሌላው የሚከላከል አጥር አለመኖሩ ነው። መሐንዲሶቹ አዲስ ፕሮግራም ሲሞክሩ አንዲት ስሕተት ሥርዓቱን በሙሉ ልትጥለው ትችል ነበር፤ ታይፒስቶቹም እየጻፉ ነው።

የጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም ኤድ በጣም ዝምተኛ ነበር። ትእዛዙ ሲሳሳት የሚመልሰው አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ ምን እንደ ተሳሳተ አይናገርም። ጽሑፉ ሲቀመጥለት ደግሞ የፊደሉን ብዛት በቁጥር አትሞ ያልፋል። ለዚህ ቁጥብነት ምክንያቱ የቴሌታይፕ ዝግታ ይመስለኛል፤ ሞዴል 33 የተባለው በሴኮንድ አሥር ፊደል ብቻ ያትም ነበርና፣ ረጅም ማብራሪያ ቢመጣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ነበረበት።

ታዲያ ለምን ታገሡት? የፓተንት ማመልከቻ ገጽ መስመሮቹ በቁጥር የተለዩ መሆን ነበረባቸው። በጽሕፈት መኪና አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጨመር ገጹ እንደ ገና ይጻፋል። ሮፍ የተባለው ፕሮግራም ግን ጽሑፉን ራሱ ያደላድላል፤ የመስመሩንም ቁጥር ራሱ ያወጣል። ይህን ያየ ታይፒስት የጥያቄ ምልክቷን ችሎ ማደሩ አያስደንቅም።

ሙከራው አድካሚ ቢሆንም ሰመረ። የፓተንት ክፍሉ ዩኒክስን ለሥራው ተቀበለው። ሠሪዎቹም በዚህ ባገኙት አመኔታ የበላዮቻቸውን አሳምነው የተሻለውን ፒ.ዲ.ፒ.-11/45 አስገዙ፤ በ1973 የሥርዓቱ እምብርት በሲ ቋንቋ እንደ ገና ተጻፈ።