ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት በማብቃት ረገድ የምክርና የድጋፍ መርሐ ግብሮች ሚና

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ በአዲስ አሠራርና በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት መጀመሩ ይታወቃል። በዚሁ አሠራር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ለከፍተኛ ትምህርት የሚደረገው ዝግጅት በ12ኛ ክፍል የመጨረሻ ወራት ተጀምሮ የሚያልቅ አለመሆኑን ያመለክታል።

ችግሩን ለማቃለል ሬሜዲያል በመባል የሚታወቀው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በ2015 ዓ.ም ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ይህ ድጋፍ የሚሰጠው ተማሪው የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ ከቀረ በኋላ ነው። አስቀድሞ ለመድረስ የሚያስችለው በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርትና የምክር አገልግሎት ነው።

በዚህ ረገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ትውልድ አካባቢያቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚሰጡት ትምህርት ተጠቃሽ ነው። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ለሌለው ተማሪ በጎ ፈቃደኛው ሒሳብና እንግሊዝኛ ከማስጠናት ያለፈ ጥቅም አለው። በ11ኛ ክፍል ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ የትኛውን መምረጥ እንደሚሻል፣ የጥናት ጊዜን እንዴት መደልደል እንደሚገባና ዩኒቨርሲቲ ከተማሪው ምን እንደሚጠብቅ ከራሱ ልምድ ተነስቶ ያስረዳል።

የድጋፉ ውጤታማነት ግን በቀጣይነቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ለወጣቶች አማካሪ በመመደብ ከሚታወቁት ድርጅቶች አንዱ በሆነው የአሜሪካው ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት 959 ልጆችንና ወጣቶችን የተከታተለ ሲሆን፣ አማካሪ የተመደበላቸው ከትምህርት ገበታ የመቅረታቸው አጋጣሚ አማካሪ ካልተመደበላቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን አረጋግጧል። በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረበ ትንተና እንዳመለከተው፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ግንኙነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ወጣቶች ናቸው። በሦስት ወራት ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ቀንሶ ተገኝቷል።

የአገራችን የክረምት አገልግሎት በአብዛኛው ከሁለት ወር ያልበለጠ በመሆኑ ይህ ግኝት ትኩረት የሚሻ ነው። በወረዳ ደረጃ የሚገኙ የትምህርትና የወጣቶች ጽሕፈት ቤቶች በክረምት የተደገፉትን ተማሪዎች ስምና የታየባቸውን ክፍተት መዝግበው መስከረም ላይ ለየትምህርት ቤቱ ቢያስረክቡ፣ ትምህርት ቤቱም ለእያንዳንዱ ተማሪ ተከታታይ መምህር ቢመድብ የተጀመረው ሥራ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ትምህርቱ በቀን ክፍለ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢና ኃላፊነት በተሰጠው መምህር ክትትል ሲካሄድም ወላጆች በተለይ ሴት ልጆቻቸውን ያለ ሥጋት እንዲልኩ ያግዛል።

በክረምት የተሳታፊዎችን ብዛት መቁጠር የሥራው ጅምር ሲሆን፣ የመርሐ ግብሩ ውጤት የሚለካው እነዚሁ ተማሪዎች በቀጣዩ ሰኔ በሚያስመዘግቡት ነጥብ ነው።