የይፋትና የሾንኬ የድንጋይ መስጂዶች

 

ስለ ጥንታዊ መስጂድ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሩቁን አገር እናስባለን። ቲሙር እ.ኤ.አ. ከ1399 እስከ 1404 በሳማርቃንድ ያሠራው የቢቢ ኸኑም መስጂድ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን እርሱ ሲሠራ የይፋት ሱልጣኔት ገና አልጠፋም ነበር።

የወላስማ ሱልጣኖች እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ከያዙ በኋላ ይፋት እጅግ በረታ። በ14ኛው መቶ ዘመን የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ የሐበሻን ሰባት የሙስሊም አገሮች ሲዘረዝር ይፋትን አስቀድሟል። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ፎቬልና ሂርሽ ከነባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ያጠኗቸው እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ከተሞች ናቸው። መስጂዶቻቸው ከአካባቢው ድንጋይ የተሠሩ ናቸው።

ፍርስራሽ መስጂድ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሚህራቡ ነው። መካና ከሚሴ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በእኛ አገር ቂብላ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። በሰሜኑ ግድግዳ መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው።

ይፋት ቢጠፋም ሙያው አልጠፋም። በዳዋ ጨፋ ወረዳ፣ በኮረብታ አናት ላይ ያለችውን የአርጎባዎች መንደር ሾንኬን ያየ ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት ታላቁ ዓሊም ሸህ ጀውሃር ቢን ሐይደር የኖሩባት ናት። ቤቶቹ በድንጋይ ተክበው፣ አንዱ ከአንዱ ተጠጋግተው፣ ጣሪያቸው በእንጨትና በአፈር የተደለደለ ነው። እንዲህ ያለው ጣሪያ ሙቀትን ይከላከላል፤ እንደ ቆርቆሮ በዝናብ ጊዜ ኹጥባን አያውክም! ግን ክፍሉ ከእንጨቱ ርዝመት አይሰፋም፤ ለማስፋት ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ምሰሶውም ሰፍን ይቆርጣል። ደግሞም በየጊዜው ካልተለሰነ ውሃ ያስገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ግድግዳውም ከላይ ጀምሮ ይፈርሳል።

ዛሬ ጀመዓው ስለበዛ በየቦታው አሮጌው እየፈረሰ በሲሚንቶ ይተካል። መስፋቱ ተገቢ ነው። ማፍረሱ ግን ሁልጊዜ ግድ አይመስለኝም። ቂብላው ሰሜን ስለሆነ፣ ቦታው ከፈቀደ፣ አዲሱን ሥራ ወደ ደቡብ መቀጠል ይቻላል። ያን ጊዜ የሰሜኑ ግድግዳ ከነሚህራቡ ባለበት ይቆያል፤ የፊተኛው ሰፍም አባቶች በቆሙበት ይቆማል።