ሽፋን ላይ የቀሩ ሕፃናት፦ ምስል፣ ፈቃድና ታሪክ



የዛሬውን ንግግር በሚያስተዋውቀው ወረቀት ላይ መጀመሪያ አንድ ፎቶግራፍ ነበረበት። እንዲነሣ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮኪት ከተማ፣ ድንበር ተሻግራ የመጣች አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጋር ዝናብ ተጠልላ አየሁ። እናቲቱን በአስተርጓሚ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ልጅቱን አልጠየቅኋትም። ምስሉ የት እንደሚወጣም አልነገርኋቸውም።

ሕፃንን ያለ ፈቃዱ በምስል ማስቀረት በታሪካችን አዲስ ነገር አይደለም። ለመተማ ጎረቤት ከሆነው ከቋራ የተነሡት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወሰድ ገና 7 ዓመቱ ነበር። እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ፣ በዋይት ደሴት፣ ስመ ጥር በነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። አባቱ በመቅደላ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው ላይ ዐርፈዋል። ሞግዚቱ ሻምበል ስፒዲ ከዘማቹ ጦር ጋር የመጣ መኮንን ነበር። ስለዚህ ስለ ልጁ ሆኖ «አይሆንም» የሚል ዘመድ በአጠገቡ አልነበረም። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያ ሐዘንተኛ ፊቱ ግን እስከ ዛሬ እንተዋወቃለን።

ከዚያ ከ116 ዓመታት በኋላ የሌሎች ሕፃናት ፊት በዘፈን ሽፋን ላይ ወጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ መሐመድ አሚን የቀረጸውንና ማይክል ቡርክ የዘገበውን የኮረም ረኀብ አሳየ። በወሩ የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም ለንደን ተሰብስበው የገና ዘፈን ቀረጹ። ሽፋኑን ያዘጋጀው ሠዓሊ ፒተር ብሌክ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣውን ዝነኛ የቢትልስ አልበም ሽፋን ከሠሩት አንዱ። ደማቅ ቀለም ባላቸው የአውሮፓ የገና ሥዕሎች መካከል ሁለት የከሱ ሕፃናትን በጥቁርና ነጭ አስቀመጠ። የዘፈኑ ርእስ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀረበው የክርስቶስን ልደት ከአንድ ሺህ ዓመታት በላይ ሲያከብር ስለኖረ ሕዝብ ነው።

ሚዛን እንጠብቅ፤ ዘፈኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኝቷል፤ ሕይወትም ተርፏል። ይሁን እንጂ የምጽዋቱ ሒሳብና የልጁ ክብር ሒሳብ በአንድ መዝገብ አይወራረዱም። ዕርዳታው ለጋሹን ባያስነቅፈውም፣ ልጁ «መልኬን ለምን?» ብሎ የመጠየቅ መብቱን አይሽርበትም። በ1989 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በዚያው ዓመት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ፣ የግል ሕይወቱም እንዲጠበቅ ደነገገ። ኢትዮጵያም ከሁለት ዓመት በኋላ ስምምነቱን ተቀበለች።

«ወላጅ ከፈቀደ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው የኒርቫና አልበም ሽፋን ላይ ራቁቱን በውኃ ውስጥ የሚታየው የ4 ወር ሕፃን ወላጆች ፈቅደው ነበር፤ 200 ዶላርም ተከፍሏቸዋል። ልጁ ግን አድጎ በ2021 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረተ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእኔ ትምህርት የሆነኝ ሽፋን ላይ ያለው ሕፃን አንድ ቀን ዐዋቂ ሆኖ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ማየቴ ነው። ለባንድ ኤይድ ሽፋን ሕፃናት ግን ለክስ ቀርቶ ለጥያቄ እንኳ መንገዱ ሩቅ ነበር።

ተማሪዎቼ፣ ነገ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ መተማ ትወርዱ ይሆናል። ልጁን በሚገባው ቋንቋ ጠይቁት፤ ምስሉ የት እንደሚወጣ ንገሩት፤ እምቢ ካለ ካሜራችሁን መልሱ። የኮኪቷ ልጅ ምስል እኔ ዘንድ ተዘግቶ ይኖራል። ስሟን ስላልጠየቅሁ፣ ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃት እንኳ አልችልም።